ሕግ ሲከር ጽንፈኛው ይበርዳል ወይስ ይብስበታል? የእንስሳት መብትና የአካባቢ ጥበቃ ነገር

ነገረኛው፦
ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን አንድ ጉዳይ ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኛል፣ ብቻዬን ከምብሰለሰል እናንተም ተካፈሉኝ ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው እንዳትደናገሩ።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ እንስሳ ነፃ እናወጣለን ደን እናድናለን የሚሉ ሰዎች ሌሊት እየወጡ ቄራ፣ ላብራቶሪ፣ መኪና መሸጫ፣ የእንጨት ካምፓኒ ቢሮ ምናምን ያቃጥሉ ነበር። ኤ.ኤል.ኤፍ የሚባለው (አኒማል ሊበሬሽን ፍሮንት) በ1976 እንግሊዝ ተጀመረ፣ ታናሽ ወንድሙ ኢ.ኤል.ኤፍ (ኧርዝ ሊበሬሽን ፍሮንት) በ1992 እዛው እንግሊዝ ብራይተን ተወልዶ አሜሪካ ሄዶ ነው የጎረመሰው። አባልነት የለ፣ መሪ የለ፣ መታወቂያ የለ። አቃጥለህ ግድግዳው ላይ ስሙን ከፃፍክ በቃ አንተ ነህ ድርጅቱ። ከሁሉ ስሙ የገነነው በ1998 ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል የሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ላይ የለኮሱት እሳት ነው፣ 12 ሚሊዮን ዶላር አመድ ሆነ። በ2005 አንድ የኤፍቢአይ ኃላፊ ሴኔት ፊት ቀርቦ ከ1990 ወዲህ ከ1,200 በላይ ወንጀል ወደ 110 ሚሊዮን ዶላር ጉዳት ብሎ ቆጥሮ፣ የሀገር ውስጥ ሽብር ቁጥር አንድ ስጋታችን እነዚህ ናቸው አለ። ልብ በሉ ይሄ ሲባል ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በቦምብ 168 ሰው ካለቀ ገና 10 ዓመቱ ነው፣ እነዚህኞቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድም ሰው አልገደሉም። አጥኚዎች ከ1970 እስከ 2007 ያለውን ሰብስበው 1,069 ድርጊት አግኝተዋል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያነጣጠረው ንብረት ላይ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1992 የእንስሳት ድርጅቶች (ቄራ፣ እርባታ፣ ላብራቶሪ ምናምን ማለት ነው) ጥበቃ የሚባል የፌደራል ሕግ ወጣ። በ2006 ኅዳር ላይ ደግሞ ያንኑ ሕግ አስፍተው ስሙ ውስጥ "ሽብር" የሚለውን ቃል ጨመሩበት። በታችኛው ምክር ቤት ስም እየተጠራ ድምፅ እንኳን አልተሰጠበትም፣ እሺ እሺ ተባብለው ነው ያሳለፉት። ግን ቀኑን አስተያዩት እስኪ። ቬይልን ጨምሮ ከ1996 እስከ 2001 ያቃጠለው ቡድን የተያዘው በ2005 ታህሳስ ነው፣ ኦፕሬሽን ባክፋየር ይሉታል። የተከሰሱት በድሮው የእሳት ቃጠሎ ሕግ ነው። የተያዙትም አዲስ ሕግ ስለወጣ ሳይሆን ከመሃላቸው አንዱ፣ የሄሮይን ሱስ የነበረበት ሰው፣ መቅረጫ ደረቱ ላይ አስሮ የድሮ ጓደኞቹን እየዞረ ሲያወራቸው ነው። ቡድኑ ራሱ ደግሞ በ2001 ተጨቃጭቆ ፈርሶ ነበር። አዲሱ ሕግ የመጣው እነሱ ታስረው ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል?

ስለዚ ጥያቄዬ፣ እነዚህ ልዩ ሕጎች ማንን አስቆሙ? ወይስ ካስቆሙት ያባሱት ይበልጣል?

የላቡ_ልጅ፦
አፃፃፍህ ይጣፍጣል ወንድሜ ግን ንብረት ንብረት ስትል ከሩቅ ሆነህ እንደምታወራ ያስታውቃል። እኔ ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ከእንስሳት ጋር ነው የምሰራው። ንብረት ብቻ የሚባለው ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ስልክህ ሲጮህ፣ ለጎረቤቶችህ ሁሉ "አጠገባችሁ ነፍሰ ገዳይ ይኖራል" የሚል ወረቀት ሲበተን ምን እንደሚመስል ከደረሰባቸው ሰዎች ሰምቻለሁ።

እንግሊዝን ተመልከት። ስታፈርድሻየር ውስጥ ጊኒ ፒግ ለምርምር የሚያረባ አንድ ቤተሰብ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አሰቃዩአቸው። ቤተሰቡን ብቻ አይደለም፣ ከነሱ ጋር የሚሰራውን፣ የሚያገለግላቸውን፣ አብሯቸው የሚታየውን ሁሉ። አልበቃ ብሎ በ2004 ጥቅምት ላይ የቤተሰቡን ዘመድ የአንዲት የሞቱ እናት መቃብር ቆፍረው አፅማቸውን ሰረቁ። አፅም!! በ2005 ቤተሰቡ በቃን ብሎ እርሻውን ዘጋ። አፅሙ የተገኘው በ2006 ነው። ይሄን የሰራ ሰው ለእንስሳ አዘነ ትለኛለህ?

ሀንቲንግደን ላይፍ ሳይንስስን ደግሞ እይ፣ በእንስሳት ላይ ሙከራ የሚሰራ የእንግሊዝ ካምፓኒ ነው። በ1999 ሻክ የሚባል ዘመቻ ተነሳበት። ካምፓኒውን ፊት ለፊት ሲያቅታቸው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ባንኩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ባለአክሲዮኑን ያዙ። ባንኮች ሸሹ፣ ኢንሹራንሱም ሸሸ፣ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ መንግስት ራሱ በማዕከላዊ ባንኩ በኩል ሂሳብ ከፈተላቸው፣ ኢንሹራንስም ሰጣቸው፣ አንድ የግል ካምፓኒ! በ2001 ሥራ አስኪያጁን ቤቱ በር ላይ በዱላ ቀጥቅጠውታል። በ2005 ኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ ሊመዘገቡ የደስታ ቁርሳቸውን ሊበሉ ሲሉ በደቂቃዎች ልዩነት ለሌላ ጊዜ ተባሉ።

ከዛ በ2005 ፓርላማው ሕግ አወጣ፣ ክፍል 145 እና 146፣ የእንስሳት ምርምር የሚያደርግን ድርጅት ለመጉዳት ብለህ ከደንበኛው ወይ ከአቅራቢው ጋር ያለውን ውል በወንጀል ካደናቀፍክ እስከ 5 ዓመት። ሰው ቤት ሄዶ ማስፈራራትንም ራሱን የቻለ ወንጀል አደረጉት። ፖሊስም ለዚህ ብቻ የሚሰራ ክፍል በ2004 አቋቁሞ ነበር። ከዛ በኋላ ነገሩ ረገበ። ሻክ በ2014 ራሱ ዘጋሁ ብሏል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነገር እኮ አንዳንዴ ይሰራል።

ጥላሁን_አይደለሁም፦
የደስታ ቁርስ 😂😂 ከየት አመጣኸው

ማለዳ፦
የላቡ ልጅ የመቃብሩን ነገር ማንም አይከራከርህም፣ አረመኔነት ነው። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ሀንቲንግደን ላይ ያ ሁሉ እሳት የተነሳው ከምንም ተነስቶ አይደለም። በ1997 አንዲት ጋዜጠኛ እዛው ተቀጥራ ገብታ በድብቅ ቀርፃ ሰራተኞቹ ቢግል የሚባሉ የውሻ ቡችላዎችን በቦክስ ሲመቱ በቴሌቪዥን አሳየች። ሁለት ሰራተኞች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ነን ብለዋል። በካሜራ!! ያለ ክብሪት ያለ ዱላ።

አሁን ሕጉ ምን አደረገ ብትሉኝ አሜሪካ ላይ ካሜራውን ነው ያሳደደው። አግ ጋግ ይሉታል፣ የእርሻ አፍ መለጎሚያ ማለት ነው። ካንሳስ በ1990 ጀመረች፣ ሞንታናና ሰሜን ዳኮታ በ1991 ተከተሉ፣ ከዛ በ2012 አዮዋና ዩታ፣ በ2014 አይዳሆ። አይዳሆ የራሷን ያወጣችው ከብት ማለቢያ ውስጥ ላሞች ሲደበደቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ካፈረች በኋላ ነው። ደብዳቢው ላይ ሕጉን ያጠብቃሉ ስትሉ የቀረፀው ላይ እስከ አንድ ዓመት እስርና 5,000 ዶላር ቅጣት። ዩታ ውስጥ በሕጉ መጀመሪያ የተከሰሰችው ልጅ በ2013 ከቄራ አጥር ውጪ የሕዝብ መንገድ ላይ ቆማ ስልኳን አውጥታ የቀረፀች ናት፣ የታመመች የምትመስል ላም በማሽን ስትገፋ አይታ። ነገሩ ዜና ሆኖ ሲጮህባቸው ክሱን ጣሉት።

ካሜራው ምን ይሰራል ለምትሉ፣ በ2008 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ቄራ የወጣ ድብቅ ቪዲዮ መቆም ያቃታቸው ላሞች በፎርክሊፍት እየተገፉ ለእርድ ሲሄዱ አሳየ፣ መንግስት 143 ሚሊዮን ፓውንድ ስጋ አስመለሰ፣ እስከዛ ጊዜ ድረስ ከታየው ሁሉ ትልቁ። ስጋው ለትምህርት ቤት ምሳ ሁሉ ይሄድ ነበር። ይሄን የሚያወጣ ሰው ነው እንግዲህ ከአቃጣዩ ጋር በአንድ ከረጢት የሚታሰረው። ቀራፂውም ሊታሰር አቃጣዩም ሊታሰር ከሆነ አንዱ የሌላውን መንገድ ቢመርጥ ምን ያስገርማል? የአይዳሆውን በ2015 የዩታውን በ2017 የፌደራል ዳኞች ሕገ መንግስቱን ይፃረራል ብለው ጥለውታል (የአይዳሆው በኋላ በይግባኝ ከፊሉ ተመልሷል)፣ ግን እስከዛው ስንት ሰው አፉን እንደያዘ ማን ይቆጥራል።

ጠበቃዋ፦
ከሥራ ወጥቼ ነው ያየሁት ረዘም ካለ ታገሱኝ። ሁላችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ።

ነገረኛው "ማንን አስቆሙ" ላልከው መጀመሪያ አንድ ማስተካከያ። የ1992ቱ ሕግ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ የሻክን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ያፈረሰው እሱ ነው። በ2006 መጋቢት ኒው ጀርሲ ትሬንተን ላይ 6 ሰዎችና ድርጅቱ ራሱ ጥፋተኛ ተባሉ፣ በኋላ ሰዎቹ ከ1 እስከ 6 ዓመት ተፈረደባቸው። ዋናው ማስረጃ ምን ነበር? ዌብሳይት። የሰው አድራሻ ይለጥፋሉ፣ ከዛ ሌላ ሰው ሄዶ መስኮት ይሰብራል፣ እነሱ ደግሞ "ጎሽ" ብለው ይፅፋሉ። በ2009 ይግባኙ ፀንቷል። ስለዚ አዲሱ ሕግ ሲመጣ አሮጌው ሥራውን ሰርቶ ጨርሷል፣ ይሄ የአንተን የጅብ ተረት ያጠናክረዋል ልበል።

አዲሱ ደግሞ ምን ጨመረ፣ ኪሳራ ሳይደርስ ማስፈራራት ብቻውን እንዲበቃ አደረገ፣ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት ያለውን ሌላ ድርጅትም አካተተ፣ ቅጣቱን በዶላር ልክ መሰላል አድርጎ እስከ 20 ዓመት ሰው ከሞተ እስከ ዕድሜ ልክ ወሰደው። ሰላማዊ ሰልፍን አይነካም የሚል አንቀፅ አለው፣ ብዙ ሰው ይሄን አይጠቅሰውም። ግን በተግባር ሲታይ በ2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ቤት ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ ተብለው 4 ሰዎች ተከሰሱበት፣ ዳኛው በ2010 የክስ ማመልከቻው ምን እንደሰሩ እንኳን አይናገርም ብሎ ዘጋው። ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ በ2013 ሁለት ሰዎች 2,000 ሚንክ (ለፀጉሯ የምትረባ እንስሳ) ለቀው ጎተራው ላይ ነፃነት ፍቅር ነው ብለው ፅፈው ሄዱ፣ እነሱ ላይ ሰርቷል፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2017 ሕጉ ልክ ነው አለ። ሌሎች አክቲቪስቶች ሕጉ ስላለ ፈርተን ዝም አልን ብለው የከሰሱትን ደግሞ በ2014 ፍርድ ቤት "ማንም ሊከሳችሁ እየመጣ አይደለም፣ የፈራችሁት በራሳችሁ ነው" በሚል መንፈስ መለሳቸው። አያችሁ አሳዛኙን ነገር፣ ሕጉ ፍርሃት ፈጥሯል ለማለት መጀመሪያ መከሰስ አለብህ።

እኔ ግን ሁላችሁም ያልነካችሁት ነገር ላይ ነው የምቆመው። አሜሪካ ውስጥ ሰውን የሚያስጎነብሰው ይሄ ስሙ የጮኸ ሕግ አይደለም። የቅጣት ማንዋሉ ውስጥ ያለች አንዲት የሽብር ማክበጃ ናት። ዳኛው ድርጊቱ በመንግስት አሠራር ላይ ተፅዕኖ ለማሳደር የታሰበ ነው ካለ የወንጀሉ ደረጃ 12 እርከን ይጨምራል፣ ሰውዬው በሕይወቱ የመጀመሪያ ጥፋቱ ቢሆንም እንደ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል። ዳኮታ አክሰስ የሚባለውን የነዳጅ ቧንቧ የበሳችው ሴትዮ በ2021 በዚህ ምክንያት 8 ዓመት ተፈርዶባታል፣ ማንም አልተጎዳም። አንድ ወጣት ደግሞ ከሌሎች ጋር ቦምብ ሊሰራ አሰበ ተብሎ ምንም ሳይፈነዳ 20 ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ፍርድ አገኘ፣ በኋላ የኤፍቢአይዋ ጆሮ ጠቢ ጋር የተፃፃፈው የፍቅር ደብዳቤ ምናምን ለመከላከያ ሳይሰጥ መቅረቱ ታውቆ በ2015 ወጣ። 9 ዓመት ከበላ በኋላ።

የላቡ ልጅ፣ ለአንተም አንድ አለችኝ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ሦስቱ 12 ዓመት 12 ዓመት የገቡት በየትኛው ሕግ ይመስልሃል? በክፍል 145 አይደለም። በማስፈራራት ጥቅም ለማግኘት መዶለት፣ ብላክሜይል፣ የ1968 ሕግ። የእንግሊዙ ሻክ መሪዎችም በ2009 እስከ 11 ዓመት የተፈረደባቸው በዛው ነው። አሮጌው ሕግ ጣሪያው 14 ዓመት፣ አዲሱ 5።

ነገረኛው፦
ጠበቃዋ እጅ ይባረክ። የ1968ቷን አላውቅም ነበር። በሁለቱም አገር አሮጌው ሕግ ነው ማለት ነው እኮ ሥራውን የሰራው!

የላቡ_ልጅ፦
ቆይ ቆይ አትቸኩል። ጠበቃዋ ያልሽው ልክ ነው አልክድም። ግን ጠበቆች ሕግ ሲባል የምታዩት የተፈረደበትን ሰው ቁጥር ነው። እኔ የማየው ስልኩ መጮህ ማቆሙን ነው። ፖሊስ ቤትህ በር ላይ መጥቶ "ይሄ ጎረቤት ጠብ ነው" ይል የነበረው "ይሄ ወንጀል ነው፣ አንቀፁ ይሄ ነው" ሲል ሌላ ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲ የእግድ ትዕዛዝም ቀላል አይደለም፣ ኦክስፎርድ በ2004 አውጥቶ ነው ያን ላብ ጨርሶ በ2008 የከፈተው። ከዚህ መስመር እንዳታልፉ ተባሉ በቃ።

ከሁሉ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ከ2002 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ስጋት ያለበት የካምፓኒ ዳይሬክተር የቤት አድራሻውን ከሕዝብ መዝገብ ማስደበቅ ይችላል። ይኸው ነው ሕጉ። ሽብር አይል፣ ቅጣት የለው፣ ማንንም ሰማዕት አያደርግ። አድራሻ ከሌለ ቤትህ በር ላይ ማን ይመጣል። እንዲህ አይነቱን ግን ማንም ፖለቲከኛ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አይፎክርበትም።

ማለዳ፦
^ ይሄኛውን ወደድኩት። ቢያንስ አንድ ላይ ተስማማን

ዝግባ፦
ስለ ደኖቹ ማንም አላወራም እስካሁን፣ ሁሉ ላብ ላብ። እኔ ልጨምር።

አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ላይ ዛፍ እንዳይቆረጥ ሚስማር የሚመቱበት ነገር ነበር፣ መጋዙ ሲነካው እንዲሰበር። በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ መጋዙ ተፈናጥሮ አንድ የ23 ዓመት ሰራተኛ ፊቱን ቆረጠው፣ ለጥቂት ነው የተረፈው። (የዛን ዛፍ ሚስማር ማን እንደመታ እስከዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም።) በ1988 ኮንግረስ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ሕግ ውስጥ ሸጉጦ ዛፍ ላይ ሚስማር መምታትን የፌደራል ወንጀል አደረገው፣ በዕፅ ሕግ ውስጥ! ነገር ግን በሰሜን ካሊፎርኒያ ሚስማሩን በአደባባይ የተውት ራሳቸው ናቸው፣ ኧርዝ ፈርስት የሚባሉት፣ በ1990። ለምን ቢሉ ጁዲ ባሪ የምትባል ሴት መጥታ ጠላታችን መጋዝ የሚገፋው ደሃ ሰራተኛ አይደለም፣ ደኑ ካለቀ እሱም ሥራ ያጣል ብላ ከእንጨት ሰራተኞቹ ጋር መነጋገር ስለጀመረች ነው። ሕግ አልነበረም ያስተዋቸው፣ ወይ ብቻውን አልነበረም።

እና ያቺ ሴት ምን ደረሰባት? በዛው ዓመት ግንቦት ላይ ኦክላንድ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ፣ ዳሌዋን ሰባበራት። ኤፍቢአይና ፖሊስ ቦምቡ የራሳችሁ ነው ብለው ሆስፒታል አልጋ ላይ እንዳለች አሰሯት! ክሱን አቃቤ ሕጉ ማስረጃ የለም ብሎ ተወው። በካንሰር በ1997 ሞተች፣ በ2002 ጁሪ ለቤተሰቧና አብሯት ለተጎዳው ጓደኛዋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ሚስማሩን ያስጣለችውን ሰው ነው እንግዲህ ሽብርተኛ ያሏት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይሉ የለ፣ ያ ስም አንዴ ከተለጠፈብህ 12 ዓመት ነው የሚፈጀው ለማውረድ፣ ያውም ከሞትክ በኋላ።

ሌላ ደግሞ፣ ኦሪገን ዩጂን ላይ አንድ ልጅ በ2000 ሦስት ፒክአፕ መኪና መሸጫ ውስጥ አቃጠለ፣ ጉዳቱ 40 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በ2001 ሰኔ ላይ 22 ዓመት ከ8 ወር ፈረዱበት። በኋላ ይግባኝ ብሎ ወደ 10 ወረደለት። ነገሩ ግን ምን መሰላችሁ፣ ልጁ ታስሮ ፍርድ ሲጠብቅ በ2001 መጋቢት ላይ ሌሎች ሰዎች እዛው መሸጫ ተመልሰው ከ30 በላይ መኪና አቃጠሉ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ። እሱን ብለው ነው። እነዚህ ናቸው በኋላ ባክፋየር ላይ የተያዙት። ስለዚ ማስፈራሪያው የሰራው በማን ላይ ነው?

የላቡ_ልጅ፦
ዝግባ ለዛ መልስ አለኝ፣ ከ2006 በኋላ እነዛ ትላልቅ ቃጠሎዎች የት ሄዱ?

ዝግባ፦
ያቃጥሉ የነበሩት ሰዎች ታሰሩ፣ ጓደኛ ጓደኛውን መክሰስ ለመደ፣ ማንም ማንንም አያምንም። እሱ ነው የገደላቸው። ባክፋየር ላይ አብዛኞቹ ዕድሜ ልክ ሲያስፈራሯቸው ጓደኞቻቸው ላይ መሰከሩ። ይሄ በተራ የቃጠሎ ሕግ ነው ብዬ ልድገምልህ።

ጠበቃዋ፦
ዕድሜ ልኩ ራሱ እኮ ከየት መጣ ካልክ ተቀጣጣይ መሳሪያ መጠቀም የሚለው አንቀፅ ለሁለተኛው ጥፋት ስለሚደራረብ ነው፣ ያም ለነሱ ተብሎ የወጣ አይደለም። በዛ ላይ ከተፈረደባቸው ትልቁ 13 ዓመት ነው ያገኘው፣ ሽብር የሚለው ማክበጃ ተጨምሮበት። ዳኛዋ ለእያንዳንዱ እሳት ለየብቻ ነው የመዘነችው፣ ይሄ መንግስት ላይ ነው ይሄ ግለሰብ ላይ ነው እያለች፣ የፌደራሉ የፈረስ ማጎሪያ ላይ ሲሆን ገባ፣ የግል ድርጅት ላይ ሲሆን አንዳንዱ ቀረ። እሳቱ ግን ያው እሳት ነው። ይሄ ነው እኔን የሚከነክነኝ።

አለሙ_ከሩቅ፦
አውሮፓ ላይ "ማንም አልገደሉም" እንዳትሉ ብቻ፣ ሆላንድ ውስጥ ፒም ፎርታውን የሚባለውን ፖለቲከኛ በ2002 ግንቦት የገደለው የአካባቢና የእንስሳት መብት አክቲቪስት ነው። ፍርድ ቤት ላይ ግን ያነሳው ምክንያት ሰውዬው ስለ ሙስሊሞች የሚናገረውን ነበር፣ ስለዚ ወደ የትኛው መዝገብ እንደሚገባ እንጃ።

ሌላ የኦስትሪያን ጉዳይ የሚያውቅ አለ? እዛ የእንስሳት ተሟጋቾችን በ2008 በሌሊት በር ሰብረው ገብተው ያዟቸው። አንቀፁ ለማፍያ የወጣው የወንጀል ድርጅት የሚለው ነው፣ ማለትም ይሄን አቃጠልክ ሳይሆን የቡድኑ አባል ነህ ማለት ብቻውን የሚበቃበት። 13 ሰው ከ2010 እስከ 2011 ከዓመት በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፣ በድብቅ ውስጣቸው የገባች ፖሊስ ነበረች፣ እሷ ራሷ ምንም ወንጀል አላየሁም አይነት ነገር መዘገበች ተባለ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነፃ። ነፃ ወጡ ግን ሥራቸው ትዳራቸው ገንዘባቸው አለቀ። እዚህ ጋ ሕጉ ጽንፈኛን አልያዘም፣ ጽንፈኛ ያልሆኑትን አደቀቀ።

ፈረንሳይም በ2023 ሰኔ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ የሚቃወመውን የምድር አመፅ የሚሉትን ንቅናቄ በአዋጅ አፈረስኩት አለች፣ ኅዳር ላይ የበላዩ ፍርድ ቤት ተመጣጣኝ አይደለም ብሎ አዋጁን ሻረው። በመሃል ድሮ የማያውቃቸው ሰው ሁሉ አወቃቸው።

ነገረኛው፦
የእንግሊዙ የነዳጅ ተቃዋሚዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጀስት ስቶፕ ኦይል። እነሱ አያቃጥሉም፣ መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ራሳቸውን በማጣበቂያ ያጣብቃሉ። ፓርላማው በ2022 አንድ ሕግ፣ በ2023 ሌላ ሕግ አወጣ፣ ራስን መቆለፍ ሁሉ ወንጀል ሆነ። በ2024 ሐምሌ ላይ ኤም 25 የሚባለውን የለንደን ዙሪያ መንገድ ስለመዝጋት ዙም ላይ ተነጋገሩ ተብለው 5 ሰዎች ከ4 እስከ 5 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በ2025 በይግባኝ ትንሽ ተቀነሰ። ለስብሰባ! አንዳንድ የዱላ ወንጀል ከዚህ ያነሰ ያስፈርዳል። እና በ2025 መጋቢት ቡድኑ ድርጊት አቆምን አለ። የሕጉ ደጋፊ ያው ፈሩ ይላል። እነሱ ደግሞ አዲስ የነዳጅ ፈቃድ አይሰጥም የሚለው ጥያቄያችን የመንግስት ፖሊሲ ሆነልን ይላሉ። ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ስለሆነ ማን ይፍታው።

ይሄ ነው ወደ ዋናው ሃሳቤ የሚመልሰኝ፣ ሕግ ስንል ሁልጊዜ ቅጣት ብቻ ነው የምናየው። እንግሊዝ በ1998 ከአንድ እርባታ 6,000 ገደማ ሚንክ ተለቀው ጫካ ሲያተራምሱ ነበር። በ2000 ለፀጉር ብሎ እንስሳ ማርባትን በሕግ ከለከለች፣ ከ2003 ጀምሮ አንድም እርባታ የለም። የሚለቀቅ ሚንክ የለም፣ የሚሰበር አጥር የለም። የአውሮፓ ህብረትም በ2013 በእንስሳ የተሞከረ መዋቢያ መሸጥ አቆመ። እዛ አካባቢ ያለው ቁጣ ወዴት ሄደ? እኔ እንደሚመስለኝ ሕጉ አንዱን ጥያቄ ከመለሰ የክብሪቱ ልጅ ዙሪያውን የሚያሟሙቀው ሰው ያጣል። ሁሉንም አይመልስም አውቃለሁ።

የላቡ_ልጅ፦
አልስማማም፣ ከልቤ ነው አልስማማም። እንግሊዝ በ1986 የእንስሳት ምርምር ሕጓን አወጣች፣ በዓለም ላይ ጥብቁ እየተባለ የሚነገርለት፣ ለሰውዬው ፈቃድ፣ ለፕሮጀክቱ ፈቃድ፣ ለቦታው ፈቃድ። እና ከዛ በኋላ አይደል እንዴ 1990ዎቹ የመጡት? ጥያቄ ሲመለስለት የሚረካ ሰውማ መጀመሪያም ጽንፈኛ አይሆንም። አንዱ መዋቢያ ይቁም ይላል፣ ሲቆም መድኃኒቱ ይቁም ይላል። እኔ የምሰራው መድኃኒቱ ላይ ነው።

ነገረኛው፦
ልክ ነህ ጽንፈኛው አይረካም፣ እኔ ያልኩት ዙሪያውን ያለው ሰው ነው፣ የሚያስጠልለው፣ ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ያየውን የማይናገረው። በ2006 ኦክስፎርድ ላይ ተማሪዎች ለምርምሩ ድጋፍ ሰልፍ የወጡት ማን አስገድዷቸው ነው? የመቃብሩ ነገር ሰዉን ስላስጠላው ነው። አንተ ራስህ ከላይ የፃፍከው አድራሻ የመደበቅ ሕግም እንደዛ ነው፣ የተወሰነ ቀዳዳ መድፈን ነው እንጂ ሁሉንም ሽብርተኛ ማለት አይደለም።

ጠበቃዋ፦
ኦክላሆማም በ2017 (ግዛቷን ነው) ከቧንቧው ተቃውሞ በኋላ የመሠረተ ልማት ሕግ አውጥታለች፣ ማበላሸት እስከ 10 ዓመትና 100 ሺህ ዶላር፣ አብሮ ተባባሪ የተባለ ድርጅት ደግሞ የገንዘቡን 10 እጥፍ። ሌሎች ግዛቶች ገልብጠውታል። እዛ ላይ የሚፈራው ቧንቧ የሚበሳው አይደለም፣ እሱ ድሮም እስር እንዳለ ያውቃል። የሚፈራው ለሰልፈኛ ዳቦና ውሃ የሚያቀርበው ማህበር ነው። ደንበኞቼ መሃል ቢሆን "ስማችን ዝርዝር ላይ አይውጣ" የሚሉኝ እነዚህ ናቸው።

ማለዳ፦
የላቡ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ከተናደድክ አትመልስ። የምትሰሩበት ክፍል ውስጥ ካሜራ ይግባ ቢባል፣ ማለትም ሁልጊዜ የሚቀርፅ፣ ሰው ሊያየው የሚችል። ትፈቅዳለህ?

የላቡ_ልጅ፦
አልተናደድኩም። እኔ ክፍል ይግባ፣ የምደብቀው የለኝም፣ ፊቴን ብቻ አታሳዩ። አለቃዬን ግን እኔ አልጠይቅልሽም። ጠዋት ገቢ ነኝ ደህና እደሩ፣ አይጦቹ እሁድን አያውቁም።